ከሹምሸሃ ላሊበላ እናቴን ላመላለሰልኝ ሹፌር

"እህቴ፣ 10፡40 ያልሽው በፈረንጅ ነው በእኛ?"

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው ሹፌሩ የደወለልኝ። ላሊበላ፣ ሆቴል ውስጥ ነን። የእናቴን ጉልበት በቅባት እያሸሁ ነበር። የመልስ በረራችንን ሰዓት ቀን ላይ በቴክስት ልኬለታለሁ። "ነገ 10፡40" ብዬ፣ በቃ። ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት ነው። አስቀድሰን፣ እናቴ እህል ቀምሳ፣ ቀስ ብለን እንወርዳለን ብዬ አስቤያለሁ።

ትኬቱን አውጥቼ አየሁት። ትኬት ላይ ሰዓት የሚጻፈው በፈረንጅ ነዋ! 10፡40 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 4፡40 ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የምውል ሰው ነኝ፣ ይቺ አመለጠችኝ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። "ጠርጥሬ ነው፣ ሰሞኑን በዚያ ሰዓት የሚነሳ አላየሁም" አለና "በሉ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነኝ" ብሎ ዘጋው።

ይሄን የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው። ወላጅ ይዛችሁ ወደ ላሊበላ ለመብረር የምታስቡም ስለምትኖሩ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ወሎ ተወልዳ ላሊበላን ሳታይ ሰባ ዓመት አለፋት። "ሳልሳለም እንዳልሞት" ትለኛለች በየዓመቱ። በመኪና ደግሞ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያ፣ በጋሸና አድርጎ ነው፣ መንገድ ላይ ማደር አለ። ያ ጉልበት አይችለውም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሹፌሩን ቁጥር የሰጠችኝ ደሴ ያለችው አክስቴ ናት።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ፣ አየር ማረፊያው ላሊበላ ከተማ ውስጥ አይደለም። ሹምሸሃ የሚባል ሜዳ ላይ ነው፣ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከበሩ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ሜዳና ተራራ ነው። እንደ ቦሌ ወጥቼ በስልኬ ታክሲ እጠራለሁ ካላችሁ ቆማችሁ መቅረት ነው። መኪና ቀድማችሁ ያዙ። ከሆቴላችሁም ጠይቁ፣ እንግዳ የሚቀበል መኪና ያላቸው አሉ። ሌላው ልብስ ነው። ሹምሸሃ ሞቅ ይላል፣ ከተማው ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በነሐሴ ዝናብ ይበርዳል። የእናቴ ጋቢ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ የታጠበ ጋቢ አጣጥፎ አስቀምጧል። ለአሮጊቶች ነው አለኝ።

መኪናው ነጭ ሚኒባስ ነው፣ የቆየ። አንዱ ወንበር ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። መዝሙሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ቀንስልኝ ብዬው ቀንሷል፣ ከሁለት ኩርባ በኋላ ተመልሶ ከፍ ብሏል። ይሄንንም እወቁት። ግን ከወንበሩ ስር አንዲት ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ አለችው። በሩን ከፍቶ ዱካዋን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ በእግሩ ረገጥ አድርጎ መርጋቷን ያያል፣ ከዚያ ክንዱን ይሰጣል። "ግራዎን ያስቀድሙ እማማ፣ ያኛው ነው የሚያምዎት አይደል?" አላት። ማን ነገረው? ማንም። ከተርሚናሉ ስትወጣ አይቷት ነው።

ወደ ከተማው ስትወጡ መንገድ ላይ ናኩቶ ለአብ አለ። የላሊበላ ወንድም ልጅ ነው ይባላል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከስር ድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፣ እሱ ነው ጸበሉ። ሹፌሩ ሳያቆም በፊት ለእናቴ እቅጩን ነገራት። "መውረዱ ደህና ነው። የሚያስቸግርዎት መውጣቱ ነው። ካልቻሉ እኔ ወርጄ ጸበሉን አመጣልዎታለሁ፣ ከላይ ሆነው ይሳለሙ።" እናቴ መቼም እንዲህ ተብላ አትቀርም። ወረደች። ስትወጣ አራት ጊዜ አረፈች፣ አራቱንም ጊዜ እሱ ቀድሞ "እኔ ደከመኝ" እያለ ነው የተቀመጠው።

ዋጋውን አክስቴ በስልክ ስትጠይቀው የነገራት ነው፣ ሳንቲም አልጨመረም። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ እንደ ድሮው አይደለም፣ ያገኘውን ቢገፍ አልፈርድበትም ነበር።

የመልሱ ቀን ጠዋት እንዳለው 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው "ጸበሉና ማሩ የት ነው?" ሆነ። እኔ በእጅ በምንይዘው ቦርሳ ከትቼው ነበር፣ እንዳይፈስ ብዬ። "ፍተሻ ላይ ያስቀሩባችኋል፣ እማማ ያለቅሳሉ" አለ። መንገድ ዳር ቆመን ሻንጣ ፈታን። የሃይላንዱን ክዳን አጥብቆ በጥቁር ፕላስተር ሦስት ዙር ጠመጠመው። ገልብጦ ጨመቀው፣ አላንጠባጠበም። የላስታ ነጭ ማር የያዘችውን ባልዲ በሁለት ፌስታል አሰረና በእናቴ ቀሚሶች መሃል አቆማት። የእጅ ሻንጣ ደግሞ ትንሽ ይሁን። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፣ ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። መታወቂያ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ግቢው በር ላይ ጀምሮ ፍተሻ አለ፣ ከመኪናም ትወርዳላችሁ።

ያን ቀን ደመናው ተራራው ላይ ተኝቶ በረራው ዘገየ። እዚህ ጋ የነገረኝን ልብ በሉ። ይዟችሁ የሚመለሰው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ራሱ ነው። ስለዚህ "መቼ እንነሳለን?" ብሎ መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም። "ከአዲስ ተነስቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተነሳ አንድ ሰዓት ነው። ካልተነሳ ቁጭ በሉ።

እሱ ሒሳቡን ተቀብሎ ጨርሷል፣ ግን አልሄደም። አጥሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ሂድ እንጂ ብዬ ብደውልለት "ቢሰረዝ ማን ወደ ከተማ ይመልሳችኋል?" አለኝ። ስንነሳ በመስኮት አየሁት፣ ነጩ ሚኒባስ እዚያው ነበር። እናቴ ጉልበቷን ትታ እሱን ስትመርቅ አዲስ አበባ ደረስን።

ማታ ደወለ። "ጸበሉ አልፈሰሰም?" አልፈሰሰም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ስትደውሉለት ሰዓቱን በእኛ ንገሩት።