ለሩቅ ግንኙነት ዘንጉ ወይስ ሽቦው?

ለአማተር (የትርፍ ጊዜ) ራዲዮ ሁለት አንቴና አለኝ፤ አንዱ የሚቆም ዘንግ፣ ሌላው የሚወጠር ሽቦ። ለ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም 14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላለው ሞገድ፣ ሽቦው ይሻላል። ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። የማሰራጫ ፈቃድ ገና ስለሌለኝ ግን የምፈርደው በመስማት ብቻ ነው።

ዘንጉን የአጎቴ ልጅ ከዱባይ አመጣልኝ። ሲዘረጋ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ዝገት አይነካውም። ችግሩ ብቻውን አይሠራም። ከሥሩ መሬት ላይ የሚዘረጉ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ አብረውት የመጡት ደግሞ አጫጭር ናቸው። «ውሃ ዳር አቁመው፣ ተአምር ታያለህ» ያሉኝ ነበሩ። እሱ የባሕር ወሬ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝቅ ብሎ የሚወጣውን ሞገድ ያግዘዋል። ጣና ጨው የለውም። ሐይቁ ዳር ወስጄ አቆምኩት፤ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢዬ ከምሰማው የተለየ ነገር አልሰማሁም።

ሽቦው ማለት ዳይፖል ነው፤ መሃሉ ተቆርጦ ኬብል የሚገናኝበት አንቴና። 143ን ለ14.2 ሜጋኸርዝ አካፍሉ፤ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ከምናምን ይመጣል። መሃሉን ቆርጣችሁ በየጎኑ 5 ሜትር አድርጉ። ኬብሉን ከዲሽ ሠራተኛ ግዙ። የዲሽ ኬብል ኢምፒዳንስ (ለሞገዱ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም) 75 ኦም ነው፣ የዳይፖል መሃል ደግሞ 73 አካባቢ፤ ይስማማሉ። ማቆሚያው ባሕር ዛፍ ነው። ጣሪያ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ከፍታውን ከመሬት ሳይሆን ከቆርቆሮው ቁጠሩ። ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ የሚሠራ ዳይፖል የለም። ወደ 10 ሜትር ከወጣ እሰየው፣ የኔ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል።

ሽቦውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወጥሬዋለሁ፤ ስለዚህ ፊቱ፣ ማለትም በደንብ የሚሰማበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ ነው። መሸት ሲል የጣልያን አማተሮች «ሲ ኪው» (የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ) ሲሉ ጎረቤት ያሉ ይመስላል። ወደ ሕንድ በኩል ግን ይደክማል። የሚገርመው አዲስ አበባ ያለው የዩኒቨርሲቲው የአማተር ራዲዮ ክበብ፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ፣ በዚህ ባንድ ብዙ ጊዜ አይሰማኝም። ሞገዱ በላዬ ዘሎ ያልፋል። ለእሱ 7 ሜጋኸርዝ ይሻላል፤ ሽቦው ግን እጥፍ ይሆናል።

ሌላው ሽቦው ከዘንጉ ያነሰ ጫጫታ ያመጣል። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ቻርጀሩም ኤል.ኢ.ዲ አምፖሉም ጸጥ ይላል።

ዘንጉን አልሸጠውም። ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ ለጎርጎራ መንገድ ይሆነኛል። በክረምት ግን ደመና ሲጠቁር የሁለቱንም ኬብል ከራዲዮው ንቀሉ፤ የጣና መብረቅ አይቀልድም።