ቤዳርድ ወይስ ሴለብሪኒ? ለ2025-26 የሆኪ ፋንታሲ ገበያ

ካናዳ ዘመድ ያለው የሀዋሳ ሰው አንድ ቀን የአይስ ሆኪ ፋንታሲ (እውነተኛ ተጫዋቾችን በምናብ ገዝቶ በሚያመጡት ውጤት የሚፎካከሩበት ጨዋታ) ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ይላክለታል፣ "አንድ ሰው ጎድሎናል" ይባላል፣ እሺ ይላል፣ በቃ ገባ። በረዶ የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ቢሆንም ጨዋታው ይይዛል። የ2025-26 የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ) ውድድር መስከረም 27 ቀን 2018 ይጀምራል፤ ጨረታው ደርሷል። ዘንድሮ ከካልጋሪም ከፒያሳም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኮነር ቤዳርድን ልግዛ ወይስ ማክሊን ሴለብሪኒን?

የማወራው ተጫዋቹን ለሚቀጥሉት ዓመታትም ይዞ መቆየት ስለሚቻልበት ሊግ ነው። ሁሉም 200 የጨዋታ ዶላር ይዞ ይገባል፣ በጨረታ ይገዛል። ለአንድ ዓመት ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ሒሳቡ ይለያል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ሴንተር ማለት ከሦስቱ አጥቂዎች መሀል የሚቆመው ነው። ዳኛው ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ፣ ሲጥል በዱላው ተሻምቶ የሚያስጀምረው እሱ ነው። ጎል ያገባል፣ ያቀብላል፣ ፓኳ ስትነጠቅ ደግሞ እስከ ራሱ በረኛ ድረስ ተመልሶ ይከላከላል። ጎልም ማቀበልም (አሲስት የሚባለው) እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ናቸው።

ሁለቱም የቫንኩቨር አካባቢ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት) 1ኛ ተመርጠዋል፤ ቤዳርድ በ2023 እ.ኤ.አ. በቺካጎ፣ ሴለብሪኒ በ2024 በሳን ሆዜ። ውድድሩ ሲጀምር ቤዳርድ 20 ዓመቱ ነው፣ ሴለብሪኒ 19። 1ኛ መመረጥ ክብር ቢሆንም ጣጣ አለው፤ ዕጣው የሚያደላው ለደካማ ቡድን ስለሆነ ልጁ የሚሄደው ወደ ተሸናፊ ቤት ነው። በ2024-25 ሳን ሆዜ ከ32 ቡድኖች መጨረሻ ወጣ፣ ቺካጎ ከመጨረሻ ሁለተኛ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ቤዳርድ በመጀመሪያ ዓመቱ በ68 ጨዋታ 22 ጎልና 39 አሲስት፣ በድምሩ 61 ነጥብ አመጣ። በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. መንጋጋው ተሰብሮ 14 ጨዋታ አምልጦታል፤ ያም ሆኖ የዓመቱን ምርጥ ጀማሪ ሽልማት ወሰደ። ሴለብሪኒ በመጀመሪያ ዓመቱ በ70 ጨዋታ 25 ጎልና 38 አሲስት፣ 63 ነጥብ። በመጀመሪያ ጨዋታው አንድ አግብቶ አንድ አቀበለና ዳሌውን ተጎድቶ 12 ጨዋታ ከሜዳ ራቀ። አካፍሉት፤ ሁለቱም በጨዋታ 0.9 ገደማ ነው። በጀማሪነታቸው ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ገበያው ላይ ለምን ዋጋቸው ተራራቀ? ቤዳርድ በሁለተኛ ዓመቱ የውድድሩን 82 ጨዋታ ሁሉ ተጫውቶ 67 ነጥብ ብቻ ስላመጣ ነው። በጨዋታ ወደ 0.82 ወረደ። እንደ አምላክ ተጠብቆ የመጣ ልጅ ነው። ሬጂና የሚባል የካናዳ ወጣቶች ቡድን ውስጥ ሳለ በ57 ጨዋታ 71 ጎልና 72 አሲስት ያስመዘገበ፣ በ2023 የወጣቶች የዓለም ዋንጫ በ7 ጨዋታ 23 ነጥብ የሰበሰበ። 67 ነጥብ ለሌላ የ19 ዓመት ልጅ ቢሆን እልል ያሰኛል፤ ለእሱ ግን ቅሬታ ሆነ።

እኔ ቤዳርድን ማየት እወዳለሁ። ምቱ ሌላ ነው። ፓኳን ከሰውነቱ አርቆ ይይዛል፣ ተከላካዩ ወደዚያ ዱላውን ሲዘረጋ በቅጽበት ወደ እግሩ ስቦ ይለቃታል። በረኛው የጠበቀው አቅጣጫ አንድ ነው፣ ፓኳ የምትመጣው ከሌላ። በዝግታ ደጋግማችሁ ካላያችሁት እጁ ምን እንደሠራ አይገባችሁም።

ችግሩ ፓኳ እጁ ላይ በሌለችበት ጊዜ ነው። በሁለቱም ዓመት በሽሚያ ያሸነፈው ከ40 በመቶ በታች ነው። ለሴንተር ይሄ ያሳፍራል፤ አሰልጣኝ ወደ ክንፍ ልውሰደው ወይ ብሎ የሚያስበውም ለዚህ ነው። ፕላስ ማይነሱም (እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ባገባውና በገባበት ጎል መካከል ያለው ልዩነት) ያስደነግጣል፦ በመጀመሪያው ዓመት -44፣ በሁለተኛው -36። ሊጋችሁ ፕላስ ማይነስ የሚቆጥር ከሆነ ይሄ ቁጥር ቡድናችሁን ይበላዋል። ሴለብሪኒም -31 ነበር፣ እሱም ንጹሕ አይደለም። ግን እሱ ፓኳ ስትነጠቅ ዞሮ ይሮጣል፣ ከኋላ ደርሶ ዱላውን አስገብቶ መልሶ ይነጥቃል፣ እዚያው ደግሞ ጥቃት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ልጅ ቡድኑ ሲመራም ሲመራበትም ሜዳ ላይ ይቆያል። ሜዳ ላይ የቆየ ደግሞ ነጥብ ያገኛል። ሴለብሪኒን የማስቀድምበት ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው።

አንድ የጎንዮሽ ነገር ልጨምር። የሴለብሪኒ አባት የጎልደን ስቴት ዋሪየርስን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጤና የሚመራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ጉዳት አያገኘውም ማለት አይደለም፤ አካሉን እንዴት እንደሚይዝ ግን ከቤቱ ተምሯል። ለአምስት ዓመት ለሚገዛ ሰው ይሄ ዋጋ አለው።

አጋሮቻቸውስ? ሳን ሆዜ ዊል ስሚዝ አለው (ተዋናዩ አይደለም፣ ወጣት አጥቂ ነው)፣ በ2025 ደግሞ ማይክል ሚሳን 2ኛ ሆኖ መርጧል። ቺካጎ ፍራንክ ናዛርን ይዟል፣ ጄፍ ብላሽል የሚባል አዲስ አሰልጣኝም አምጥቷል። አሰልጣኝ መቀየሩ ለቤዳርድ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በ2024-25 መሀል ላይም ተቀይሮ እንደነበር ግን አትርሱ።

ሰዓትም ይግባ እንጂ። ክረምታቸው ሲገባ የቺካጎ የሜዳ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በእኛ ከሌሊቱ 10፡30 ይጀምራል፤ የሳን ሆዜው ጠዋት 12 ሰዓት። ቤዳርድን የገዛ እንቅልፉን ሸጦ ነው የሚያየው፤ ሴለብሪኒ ከቁርስ ጋር ይደርሳል። ነጥብ አይጨምርም፣ ግን ጠዋት ሥራ ላለው ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ዋጋው። ይዛችሁ የምትቆዩ ከሆነ ለሴለብሪኒ ከ200ው እስከ 38 እከፍላለሁ። ስጋቴ አንድ ነው፤ ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ዓመቱ ገና አልተጀመረም፣ ቤዳርድን የጣለውም ሁለተኛው ዓመት ነው። ለቤዳርድ እስከ 27 እሄዳለሁ፣ ከዚያ በላይ ለስሙ መክፈል ነው። ጨረታው ላይ ሰው ተሰላችቶበት 20 ላይ ዝም ካለ ግን አትቀልዱ፣ አንሱት። የዚህ ዓይነት ምት ያለው ልጅ በ20 ዓመቱ አልቆለትም።

ለአንድ ዓመት ብቻ ለሚጫወት ልዩነቱ ይጠባል፤ እዚያ ከሁለቱ በርካሽ የተገኘውን እወስዳለሁ። ፕላስ ማይነስ ካለ ግን ሁለቱንም ትቼ ጠንካራ ቡድን ውስጥ ያለ አንድ አንጋፋ ሴንተር እፈልጋለሁ።

ሁለቱም ካመለጧችሁ ገንዘቡን በብስጭት አትበትኑ። ሊዮ ካርልሰን የሚባል የአናሃይም ሴንተር አለ፤ ቤዳርድ 1ኛ በወጣበት ድራፍት 2ኛ የተመረጠው እሱ ነው። በ2024-25 በ76 ጨዋታ 45 ነጥብ ስላመጣ ብዙ ሰው አይሻማበትም። ከ10 በታች ካገኛችሁት ያዙት።