የአሜሪካ የዜግነት ፈተና ሲገመገም፦ የሚጠይቀውና ዝም ብሎ የሚያልፈው

የጋራ ዘር፣ የጋራ ሃይማኖት የለኝም፤ የቆምኩት በጥቂት ሐሳቦች ላይ ነው የሚል አገር፣ ሐሳቦቹን በአጭሩ ጽፎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ያስቀመጠችው በዜግነት ፈተናዋ ውስጥ ነው። ፈተናውን እንደ አንድ የመንግሥት አገልግሎት ብንመዝነው ርካሽ አይደለም፣ ከባድም አይደለም። ሰው የሚፈራው ቦታና ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ግን ይለያያሉ። (ከአንዱ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የትኛው ፈተና እንደሚመለከትዎ ይለዩ። ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ያስገባ ሰው በ2008ቱ ይፈተናል፤ ዝርዝሩ 100 ጥያቄ ነው፣ የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ እስከ 10 ይጠይቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። በዚያ ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ ያስገባ በአዲሱ ነው፤ ዝርዝሩ 128 ጥያቄ፣ የሚጠየቀው እስከ 20፣ ማለፊያው 12። ዘጠኝ ከሳቱ ጥያቄው እዚያው ይቆማል። የሚቆጠረው ማመልከቻው የገባበት ቀን እንጂ የኢንተርቪው ቀጠሮ ስላልሆነ፣ ከዩቲዩብ የቆየ ቪዲዮ አውርዶ ማጥናት ወሮችን በተሳሳተ ዝርዝር ላይ ማባከን ሊሆን ይችላል። ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ማስረጃ አያይዞ 380 መክፈል ይችላል፤ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ደግሞ አይ-912 በሚባለው ፎርም ከነጭራሹ እንዲቀርለት ይጠይቃል።

የፈተናው ትልቁ ጥንካሬ ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ታትሞ በነጻ መሰጠቱ ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ የአሜሪካን ታሪክ ያስታውሱ። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ለመራጭነት ሲመዘገቡ የማንበብና የመጻፍ ፈተና ይቀርብላቸው ነበር። የትኛው አንቀጽ ለማን እንደሚሰጥና መልሱ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው መዝጋቢው ብቻውን ነበር። አሠራሩ የተሰበረው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። ስለዚህ መልሱ የታወቀ ፈተና ስንፍና አይደለም፤ ፈታኙ በመልክ እንዳይመርጥ የሚያስር ገመድ ነው።

አመልካች የሚሰናከለው በታሪኩ ሳይሆን በራሱ ማመልከቻ ላይ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ፈተና የንባብ ክፍል ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን፣ የጽሕፈቱም እንዲሁ ከሦስት አንዱን ማግኘት ነው፤ ይህን የሚከብደው ጥቂት ነው። የመናገር ችሎታ የሚለካው ግን ኦፊሰሩ ኤን-400ን ገጽ በገጽ ሲጠይቅ ነው። «ሃቭ ዩ ኤቨር» (ይህን አድርገው ያውቃሉ ወይ) ብሎ የሚጀምረው ረጅም ክፍል ላይ አመልካቹ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ ይሮጣል። ኦፊሰሩ ቆም ብሎ «ፐርሰኪውት (ሰውን ማሳደድ) ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ነገር ይበላሻል። ከዚያ መጨረሻው ላይ ጥያቄዎቹ ይገለበጣሉ፦ ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ ወይ? ቃለ መሐላውን ለመፈጸም ፈቃደኛ ነዎት ወይ? በልማድ እዚህም «ኖ» የሚል ሰው ራሱን ጣለ። «አሊጂያንስ» (ታማኝነት)፣ «ኦዝ» (ቃለ መሐላ)፣ «ቤር አርምስ» (መሣሪያ መታጠቅ) የሚሉትን በራስዎ ቀላል እንግሊዝኛ ማስረዳት እስኪችሉ ይለማመዱ። የወደቀ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ደግሞ ይፈተናል። ሁለተኛ ከወደቀ ማመልከቻው ይዘጋል፤ እንደገና ፎርም፣ እንደገና ክፍያ።

ለእናትና አባት የሚያመለክቱ ልጆች ሦስት ቁጥሮችን ይያዙ። ማመልከቻው በገባበት ቀን 50 ዓመት የሞላውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ፣ ወይም 55 ዓመት ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው እንግሊዝኛው ይቀርለታል፤ ታሪኩንና የመንግሥት አወቃቀሩን በአማርኛ፣ አስተርጓሚ ይዞ ይፈተናል። 65 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው ተለይተው ምልክት የተደረገባቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው፤ 10 ይጠየቃል፣ 6 ይበቃዋል።

ወደ ይዘቱ ስንገባ ምርጡ ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ መምረጥ መብት ያሉትን አራት ማሻሻያዎች የሚመለከተው ነው። ለማለፍ አንዱን መናገር በቂ ነው፤ አራቱን የሚያጠና ግን አገሩን ያገኘዋል። 15ኛው በ1870 ዘር ሳይለይ ወንዶችን አስገባ፣ 19ኛው በ1920 ሴቶችን፣ 24ኛው በ1964 በፌዴራል ምርጫ ለመምረጥ ይጠየቅ የነበረውን ግብር አስቀረ፣ 26ኛው በ1971 ዕድሜውን ወደ 18 አወረደ። ሕገ መንግሥቱ የሚጀምርባቸው ሦስት ቃላት «ዊ ዘ ፒፕል» (እኛ ሕዝቡ) ናቸው። በ1787 ያ «እኛ» ምን ያህል ጠባብ እንደነበር የሚለካው በእነዚህ አራት ጥገናዎች ነው።

ሌላው፣ ፈተናው ሳያስበው ራሱን ያጋለጠበት፣ «የግዛትዎን ሴናተር ስም ይጥሩ» የሚለው ነው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት ስላልሆነች፣ የዚያ ነዋሪ ትክክለኛ መልሱ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ነው። ቅኝ ተገዢዎቹ ከእንግሊዝ ጋር ለምን ተዋጉ ለሚለው ደግሞ ከተቀባዮቹ መልሶች አንዱ «ውክልና የሌለው ግብር» ነው። ሁለቱን መልሶች በአንድ ጠዋት የሚሰጥ የዲሲ ሰው፣ ከቢሮው ሲወጣ ሁለተኛውን መልስ በከተማው የመኪና ታርጋ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። የዲሲ ነዋሪዎች ለፕሬዚዳንት እንኳ መምረጥ የቻሉት 23ኛው ማሻሻያ በ1961 ከጸደቀ በኋላ ነው።

ድክመቱ ባርነት ላይ ነው። የ2008ቱ ዝርዝር ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል፤ «አፍሪካውያን» ብሎ ይዘጋዋል። የእርስ በርስ ጦርነቱን ምክንያት ሲጠይቅ ባርነትን፣ ኢኮኖሚን፣ የግዛቶችን መብት እኩል አድርጎ ይቀበላል። «ስሌቨሪ» ብለው ይመልሱ፤ አጭርም ነው፣ እውነትም ነው። የደቡቧ ግዛት ሚሲሲፒ በ1861 ስትገነጠል ያወጣችው መግለጫ ራሱ አቋሟ ከባርነት ተቋም ጋር የተሳሰረ መሆኑን ይናገራል። ዝርዝሩ የማይነካው ደግሞ አለ፤ ለውክልና ቆጠራ ባሪያው ሦስት አምስተኛ ሰው ተብሎ መቆጠሩን፣ «ባርነት» የሚለው ቃልም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው ሊሽረው በ13ኛው ማሻሻያ በ1865 መሆኑን። ከሁሉ የሚገርመው ስለ ዜግነት ሕጉ ስለራሱ ዝም ማለቱ ነው። የ1790ው ሕግ በማመልከቻ ዜጋ መሆንን የፈቀደው ለነጻ ነጮች ብቻ ነበር። ለአፍሪካ ተወላጆች በ1870 ተከፈተ፤ የዘር መስፈርቱ ፈጽሞ የተነሣው ግን በ1952 ነው። ዛሬ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን አበሻ ከማንኛውም ጥያቄ ይልቅ የሚመለከተው ይህ ነበር።

አመላለስ ላይ አንድ ምክር፦ አንድ ሲጠየቁ አንድ ብቻ ይናገሩና ዝም ይበሉ፤ ሁለት ከተባለ ሁለት። የፕሬዚዳንቱን፣ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ፣ የግዛትዎን ገዢ ስም በኢንተርቪው ሳምንት ያረጋግጡ፤ ምርጫ ያልፋል፣ ወረቀትዎ ግን ያረጃል።

ካለፉ በኋላ ቃለ መሐላ አለ፤ ለውጭ መንግሥት ያለዎትን ታማኝነት እክዳለሁ ይላል። አሜሪካ ፓስፖርትዎን አምጡ አትልም፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥም። የአሜሪካ ዜግነት ምስክር ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ የአያት ስም በአባት ስም ቦታ እንዳልገባ፣ የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዞር ዓመቱ እንዳልተዛባ ያንብቡ። ስህተት ካለ ከአዳራሹ ሳይወጡ ይናገሩ፤ በኋላ ለማረም ሌላ ፎርም ሞልቶ መጠበቅ ይመጣል።