ቻይና ውስጥ ሲችዋን የሚባለው ክፍለ ሀገር ላይ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዱጂያንግያን ይሻላል ወይስ ሌሻን?

ለእቃም ሆነ ለትምህርት ዋና ከተማው ቼንግዱ ሄዳችሁ አንድ ቀን ከተረፈቻችሁ ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ ሁለት ቦታ ነው፣ የጥንቱ መስኖ ያለበት ዱጂያንግያንና ትልቁ ቡድሃ ያለበት ሌሻን፣ ሁለቱም ሚን ወንዝ ላይ ናቸው፣ ሁለቱንም ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። በአንድ ቀን ሁለቱንም አያለሁ ብላችሁ ግን አትሞክሩት፣ ዱጂያንግያን ከቼንግዱ በሰሜን ምዕራብ ሌሻን በደቡብ ስለሆነ ቀኑ ባቡር ላይ ያልቃል።

ዱጂያንግያን በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሌሻን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከዛ ከጣቢያው ደግሞ ባስ ወይ ታክሲ አለ። ቲኬቱ በፓስፖርት ስለሆነ ሆቴል ጥላችሁት እንዳትወጡ።

ሌሻን ያለው ከቀይ ገደል የተፈለፈለ 71 ሜትር ቡድሃ ነው። ሦስት ወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ውሃው ጀልባ እየገለበጠ ሰው ሲፈጅ ሃይቶንግ የሚባል መነኩሴ በ713 እ.ኤ.አ አስጀመረው፣ ያለቀው በ803 ነው፣ 90 ዓመት! እዚህ ጋ ምርጫ አለ፣ በጀልባ ከሄዳችሁ ሙሉውን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ፣ ፎቶም ያምራል፣ ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው። በደረጃ ከሆነ ከራሱ ጀምራችሁ በጎኑ እየወረዳችሁ እግሩ ስር ትደርሳላችሁ፣ ጆሮው ብቻ 7 ሜትር ነው፣ በጸጉሩ ጥቅልሎች መሃል ደግሞ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ተደብቋል፣ ድንጋዩን እስካሁን ያቆየው አንዱ እሱ ነው። ደረጃው ግን ጠባብና ቁልቁል ነው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ጀልባው ይሻላል።

እኔ ግን አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ዱጂያንግያን ነው የምላችሁ። ሊ ቢንግ የሚባል ገዢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 አካባቢ ያሰራው መስኖ ነው፣ ዛሬም ይሰራል፣ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ያጠጣል፣ የሚገርመው ደግሞ ግድብ የለውም። ወንዙ መሃል የዓሣ አፍ የሚሉት ሹል ደሴት አለ፣ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ውሃ ሲያንስ አብዛኛው ወደ እርሻው፣ ውሃ ሲሞላ አብዛኛው ወደ ውጪኛው (ዋናው) ወንዝ ይሄዳል። ውሃው ወደ እርሻው እንዲያልፍ ተራራውን የሰነጠቁትም ባሩድ ሳይኖር ድንጋዩን በእሳት እያጋሉ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉበት ነው። ጫፉ ላይ ቆሜ ውሃው እግሬ ስር ለሁለት ሲሰነጠቅ ሳይ በጣም ቆየሁ፣ የመስኖ ወይ የእርሻ ሰው ከሆናችሁ ሙሉ ቀን አይበቃችሁም። አንላን የሚባለው ተንጠልጣይ ድልድይ ሰው ሲበዛበት ይወዛወዛል፣ ከፍታ የምትፈሩ ጠዋት ሰው ሳይሞላ ተሻገሩት።

ልጆች ካሉና ትልቅ ነገር ይዩልኝ ካላችሁ ሌሻን በጀልባ፣ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ወይ ረጋ ብላችሁ ወንዝ ዳር መዋል ካማራችሁ ዱጂያንግያን። በኤፕሪል መጀመሪያ ከሄዳችሁ ደግሞ ዱጂያንግያን ውሃ የመልቀቅ በዓል አለ፣ እሱ እንዳያመልጣችሁ። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ግን በቻይና ትልቅ የእረፍት ሳምንት ነው፣ ሌሻን ደረጃው ላይ ሰልፍ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፣ ቀን መቀየር ከቻላችሁ ቀይሩ።