ለቡና ወቅት ጅማ ለሚከርም፦ ፔንሲዮን ወይስ ሰርቪስ ቤት?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ ጅማ እንግዳ ይበዛባታል። ገዢው፣ ቀማሹ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪው፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም ማደሪያ ይፈልጋል። ብዙው ሰው መናኸሪያ አካባቢ ካገኘው ፔንሲዮን ይገባና ሦስት ወር ሙሉ በአዳር ሒሳብ ይከፍላል። ለሳምንት ፔንሲዮን ይሻላል፤ አንሶላ ይቀየራል፣ በሌሊት ቢመጡም ዘበኛው ይከፍታል። ከወር በላይ ለሚቆይ ግን ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ይበልጣል፤ ውሃው ከተስተካከለ ማለት ነው።

ሰርቪስ ቤትን የሚያስጠላው ውሃ ነው። አከራዩ «ሮቶ አለ» ቢል አይበቃም፤ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ስንት ሰው ይጠቀምበታል ብለው ይጠይቁ። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም፣ 1,000 ሊትር ሮቶ ለአምስት ሰው የሚበቃው አምስት ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ ከፍታውን ይዩ። ሮቶው መሬት ላይ ወይም ዝቅተኛ ቆጥ ላይ ከተቀመጠ ግፊቱ ይደክምና የሻወር ሂተሩ ጨርሶ አይበራም፤ ሂተሩ የሚነሳው በቂ ውሃ ሲገፋው ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከመንገድ የሚገባውን የቧንቧ ውሃ አዘግተው፣ ከሮቶው ብቻ በሻወሩ 20 ሊትር ጄሪካን ይሙሉ። ከአምስት ስድስት ደቂቃ በላይ ከፈጀ ሙቅ ውሃ ተስፋ አያድርጉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሐሙስ ገበያ ወጥቶ ወፍራም ጋቢ መግዛት ነው።

መብራትም ከዚሁ ጋር ይታያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሂተሩም ከዚያ አያንስም። ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ላይ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ቆጣሪው ባለ ካርድ ከሆነ ማን እንደሚሞላ በውሉ ይጻፍ።

የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የግቢ በር ቁልፍ ነው። ቀን የተለቀመ እሸት ቡና ጣቢያ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው፤ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው እኩለ ሌሊት ድረስ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ይቆልፋል። አከራይዋ እናት ከሆኑ በየሌሊቱ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነውር ነው፤ ቁልፍ የማይሰጡ ከሆነ ያ ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሥራው አጋሮ ከተማ በኩል ከሆነ ከጅማ ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደዚያ መውጫ የቀረበ ሰፈር ይምረጡ፣ አለበለዚያ ጠዋት ጠዋት ለባጃጅ ኮንትራት የሚወጣው ገንዘብ ከኪራይ ያተረፉትን ይበላዋል። ምግብ አያስቸግርም።

ቤት ፍለጋውን ከመስቀል በፊት ይጨርሱ። ግቢ ሲገቡ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ያስቀድሙ፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነሳል። የደላላውን ድርሻም ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይቁረጡ፤ ቤቱን ወደዱት ማለት ድርሻው ጨመረ ማለት ነው።