ስምንት ወር ከ“ክንዳሙ” መጋዝ ጋር

ጥር ላይ ነው ቡራዩ ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ያስገባሁት፣ ያገለገለ ራዲያል አርም መጋዝ። ረዳቴ “ክንዳሙ” ይለዋል፤ እኔም ለመድኩት። ሞተሩና ዲስኩ ከላይ በተዘረጋ የብረት ክንድ ላይ ይንሸራተታሉ። ጣውላው ከኋላ ያለውን መደገፊያ ተደግፎ ይቀመጣል፤ የሚንቀሳቀሰው መጋዙ ነው። እጀታውን ይዞ መሳብ ብቻ። ረጅም ጣውላ በአግድሙ ለመቁረጥ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ግን አመል አለው። ዲስኩ እንጨቱ ላይ እንደ ጎማ መንዳት ያምረዋል፤ ያውም ወደ ሳቢው። በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ የባህር ዛፍ ሞራሌ ስቆርጥ ዘሎ መጣብኝና ታንቆ ቆመ። ግራ እጄ ከዲስኩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ስለነበር ተረፍኩ። ለካ አብሮት የመጣው ዲስክ በቁመት ለመሰንጠቅ የተሠራ፣ ጥርሱ ወደ ፊት ያዘመመ ነው። ጥርሱ 5 ዲግሪ ወደ ኋላ ባዘነበለ ቀየርኩት። አሁን መሮጡን ትቷል። ቢሆንም ክንዴን ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ነው የምስበው።

ማስተካከሉ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ማለት ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛው በሁሉም በኩል ከክንዱ እኩል መራቅ አለበት። ከዚያ ክንዱ ከመደገፊያው ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አየሁ። በስኳድራ ብቻ አትመኑ፤ ሰፊ ጣውላ ቁረጡና አንዱን ቁራጭ ገልብጣችሁ ግጠሙት። ስህተት ካለ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ከመጋዙ የፊት እግሮች ሥር ስስ ብረት ሰገሰግኩ። ክንዱ ከነጠረጴዛው በትንሹ ወደ ኋላ ስላዘነበለ መጋዙ ወደ ሰው አይንሸራተትም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን መብራት ነው። ሥራ ላይ ሳለን ጠፋ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ረሳሁ። ሲመጣ መጋዙ በራሱ ጊዜ ተነሳ! ረዳቴ ሰጋቱራውን በእጁ ሊጠርግ ብሎ፣ ሐሳቡን ቀይሮ መጥረጊያ ሊያመጣ ዞር ብሎ ነበር። በማግስቱ መርካቶ ወርጄ ኮንታክተር (መብራት ሲጠፋ መስመሩን የሚለቅ ማብሪያ) ከነአረንጓዴና ቀይ ቁልፉ ገዛሁ፤ ኤሌክትሪሺያን ገጠመልኝ። አሁን መብራት ተመልሶ ቢመጣም አረንጓዴው ካልተጫነ አይነሳም። የእኛ አገር አናጺ ዲስክ ከመቀየሩም በፊት ይህን ያስገጥም።

ክረምት ላይ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ጠረጴዛው እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፤ ማስተካከሉን እንደ አዲስ ጀመርን። ሰጋቱራውም ያማርራል። መደገፊያው ሥር ከተጠራቀመ ጣውላው በደንብ አይቀመጥም፤ ቆረጣው ይንጋደዳል። በየቆረጣው ማጥራት ነው፣ ዲስኩ ቆሞ።

በቁመት መሰንጠቅም ይችላል ይላሉ። እኔ አልሞክረውም፤ ለሱ የጠረጴዛ መጋዙ አለልኝ።