ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል የተቀየረ ኮሮላ፦ የስሮትል ሴንሰር ሽቦ ጥገናው ከ8 ወር በኋላ

በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በ3ኛ ማርሽ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ካነሳችሁ ሞተሩ መኪናውን መያዝ፣ ነዳጁንም መቁረጥ አለበት። ካምቢዮው በተቀየረለት በዚህ አሮጌ ኮሮላ ላይ ግን ቁልቁለቱን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነበር። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) በ900 እና በ1,600 መሀል ይዋዥቃል፤ ጠዋት ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጥፋቱ የካምቢዮው አልነበረም። የአውቶማቲኩ ሽቦ ሲቆረጥ የስሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ሴንሰር ሽቦ አብሮ ተነክቷል። ከተጠገነ ወዲህ 8 ወር ሆኖታል፤ 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቷል፤ አብዛኛው ከደሴ ኮምቦልቻ ምልልስ ነው።

ሴንሰሩ 4 ሽቦ አለው፤ ስማቸው ቪሲ፣ ቪቲኤ፣ አይዲኤልና ኢ2 ነው። ቪሲ ከሞተሩ ኮምፒውተር 5 ቮልት ያመጣል። ቪቲኤ ስሮትሉ ምን ያህል እንደተከፈተ ይናገራል። አይዲኤል ስሮትሉ ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ ብቻ ከኢ2 ጋር ይገናኛል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚቆረጠው በዚህ ምልክት ነው። ኢ2 ደግሞ የሴንሰሩ ማሳ (ኔጋቲቭ መመለሻ) ሆኖ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል።

ዋናው ጣጣ ኢ2 ላይ ነው። የሞተሩ ውሃ ሙቀት ሴንሰርም በዚሁ ሽቦ ስለሚመለስ፣ ከተቋረጠ ሁለት ነገር አብሮ ይበላሻል። ቪቲኤ ወደ 5 ቮልት ይወጣና ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሙሉ ተረግጧል ይላል፤ ሞተሩንም እጅግ ቀዝቃዛ አድርጎ ስለሚያይ ነዳጅ ያበዛል። ጥቁሩ ጭስ ከዚህ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ኢ2ን ከቦዲው ጋር ማሰር ነው። መኪናው ስለሚነሳ የተጠገነ ይመስላል፤ አልተጠገነም። በዚህ መኪና ላይ የፊት መብራት ሲበራ፣ ስሮትሉን ማንም ሳይነካው፣ 0.51 ቮልት የነበረው የቪቲኤ ንባብ 0.63 ሆኗል። ስለዚህ ኢ2ን ከቦዲ ጋር አታገናኙ፤ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ መልሱት።

ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ ሞተሩን አታስነሱ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኢ2 ላይ ይዛችሁ ቪሲ ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ቪቲኤ ተዘግቶ ከ0.3 እስከ 0.8፣ ሙሉ ተከፍቶ ከ3.2 እስከ 4.9 ይሆናል። ስሮትሉን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ቁጥሩ ሳይዘል መውጣት አለበት፤ መሀል ላይ ከዘለለ ሴንሰሩ ውስጡ ተበልቷል። እዚህ አልዘለለም፤ የቀድሞው ሴንሰር እስካሁን እየሠራ ነው።

የተቆረጡትን ሽቦዎች ለመቀጠል 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል። አራቱን መጋጠሚያዎች አንድ ቦታ አታከማቹ፤ በየ3 ሳንቲሜትሩ አፈራርቋቸው። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለሁለት ወር እንኳ አይሆንም፦ ሙጫው በሞተሩ ሙቀት ይቀልጣል፣ የደሴ ክረምት እርጥበት ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በሶልደር በይዱ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት፣ ከካንዴላ ሽቦና ከጭስ ማውጫ አርቁት። በመጨረሻ ሁለቱን ብሎን አላልታችሁ ሴንሰሩን አስተካክሉ፤ አይዲኤል ስሮትሉ ሲዘጋ መገናኘት፣ ገና ፔዳሉ ሲነካ መለያየት አለበት።

ከአውቶማቲኩ ማርሽ መቀየሪያ የሚመጡት የማስነሻ ሽቦዎች ዝም ብለው እርስ በርስ ከተገናኙ መኪናው ማርሽ ላይ እያለ ይነሳል፤ ይህ ሰው ይገድላል። በፍሪሲዮን ፔዳል ስዊች በኩል አሳልፏቸው።

አሁን ሚኒሞው 800 ላይ ቆሟል፤ ጭሱ ጠፍቷል። ሐረጎ ላይ እግር ሲነሳ ሞተሩ ይይዛል፤ ዙሩ ሲወርድ ነዳጁ ሳያንገጫግጭ ይመለሳል። የቪቲኤ ንባብ በ8 ወር ከ0.51 ወደ 0.53 ብቻ ተንቀሳቅሷል። ያልወደድኩት የሴንሰሩን ተተኪ ሶኬት ነው፤ የፕላስቲክ መቆለፊያው በ6ኛው ወር ተሰንጥቆ በማሰሪያ ተይዟል። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ሶኬት ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ዳገት ላይ የሚሰማውን ድካም በሴንሰሩ አታሳብቡ። ንባቡ ደሴም ኮምቦልቻም ያው ነው።